መብራቱን ማጥፋት ወይስ ሞተሩን መጠገን? የሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች ረጅም ታሪክ

ጁላይ 26 ቀን 1943 ሎስ አንጀለስ ከተማን በጠራራ ፀሐይ ጭጋግ ወረራት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ከሦስት መንገድ ማዶ ያለውን ማየት ተሳነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበርና ጃፓኖች መርዝ ጋዝ ለቀቁብን ብሎ የደነገጠም ነበር። ቆይቶ ጣት የተቀሰረው ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ግብዓት በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ነው። ፋብሪካው ሥራ እንዲያቆም ተደረገ። ጭጋጉ ግን ተመልሶ መጣ።

ዋነኛው ጥፋተኛ ሰው ሁሉ በየማለዳው ቁልፍ አዙሮ የሚያስነሳው መኪና መሆኑን ለማወቅ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። አምራቾቹን ለማሳመን ደግሞ ከዚያም በላይ።

ይህን የማነሳው ዛሬ በየመኪናችን ውስጥ ስላሉ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ለመጻፍ ነው። አንደኛዋ በአየር ማስገቢያው ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠች ቀጭን የጋለች ሽቦ ናት፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ትመዝናለች። ሁለተኛው ጭስ ማውጫው ላይ የተሰካ የሴራሚክ ጣት ነው፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ያሸታል። መካኒኮቻችን ኤር ፍሎው ሴንሰርና ኦክስጅን ሴንሰር ይሏቸዋል። አብዛኛው አሽከርካሪ የሚያውቃቸው ሲበላሹ ዳሽቦርዱ ላይ በምትበራው ቢጫ መብራት ነው። መብራቷም የምታስነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እንዴት ትጥፋ?»

የእነዚህ ሴንሰሮች ታሪክ የቴክኒክ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቻናል ላይ ባላመጣሁት ነበር። ታሪኩ ማን ይለካል፣ ማን ይለካበታል፣ ውጤቱ ደስ የማይል ሲሆንስ ምን ይደረጋል የሚል ነው።

*አናናስ ያጠና የነበረው ሰው*

አሪ ሃገን-ስሚት ሆላንዳዊ ኬሚስት ነው። ካልቴክ በሚባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ለአናናስ መዓዛና ጣዕም የሚሰጡትን ንጥረ ነገሮች ለይቶ ማጥናት ነበር። ያንኑ ዘዴ በከተማው አየር ላይ ሞከረው። አየሩን አቀዝቅዞ ያጠራቀመው ፈሳሽ ቡናማና የሚከረፋ ሆኖ ተገኘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ድምዳሜውን ይፋ አደረገ፦ ከመኪና ጭስ ማውጫና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ሆኖ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ኦዞን ይፈጥራል። ዓይን የሚያቃጥለው ጭጋግ የዚህ ውጤት ነው።

በነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ ጭጋጉን ያጠና የነበረ ሌላ የምርምር ተቋም ግኝቱን በአደባባይ አጣጣለው። ሃገን-ስሚት ወደ ቀድሞ ምርምሩ ሊመለስ የፈለገ ሰው ነበር፤ ትችቱ ግን እልህ ውስጥ ከተተውና ቀሪ ዕድሜውን ለአየር ብክለት ሰጠ። በ1967 የካሊፎርኒያ ገዢ ሮናልድ ሬገን የግዛቲቱን የአየር ሀብት ቦርድ የሚያቋቁመውን ሕግ ሲፈርሙ የመጀመሪያው ሊቀመንበር የሆነው ይኸው የአናናስ ተመራማሪ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ1969፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አራቱን ታላላቅ የመኪና አምራቾች ከሰሰ። ክሱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ልማት ለማዘግየት ተመሳጥራችኋል የሚል ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይከራከሩበት በስምምነት ተዘጋ።

*ከቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ*

ወደ ሴንሰሮቹ ለመድረስ አንድ ሌላ በር ማለፍ አለብን። ዲሴምበር 9 ቀን 1921 በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ፣ በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል፣ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ መሐንዲስ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚያቆም አረጋገጠ። ማንኳኳት ማለት ነዳጁ ያለ ሰዓቱ ሲፈነዳ ፒስተኑን የሚቀጠቅጠው ድምፅ ነው። አልኮልም ማንኳኳትን እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ ያውቁ ነበር። በጥቂት ጠብታ የሚሠራውና የፈጠራ መብት የሚያስገኘው ግን እርሳሱ ነው። ለገበያ ሲቀርብ «ኤቲል» ተባለ። እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ።

በኦክቶበር 1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውህዱን የሚያመርቱ ሠራተኞች አእምሯቸው ታወከ፤ አምስቱ ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በፊታቸው እጁን በፈሳሹ ታጠበ። ምንም ጉዳት የለውም ለማለት ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ዓለምን አዳረሰ።

ክሌር ፓተርሰን ደግሞ የምድርን ዕድሜ ለመለካት የተነሳ ሳይንቲስት ነው። በ1956 የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳተመ። ልኬቱን ሲሠራ አንድ ነገር ሲያስቸግረው ነበር፦ ቤተ ሙከራውን የቱንም ያህል ቢያጸዳ እርሳስ ከየትም ይገባበታል። ምንጩን ሲከታተል ከቤንዚን ጭስ ላይ ደረሰ። በ1965 የዘመናችን ሰው በሰውነቱ የተሸከመው እርሳስ ተፈጥሮ ከምትሰጠው እጅግ እንደሚበልጥ ጻፈ። ከነዳጅ ኢንዱስትሪው ያገኝ የነበረው የምርምር ገንዘብም ተቋረጠበት።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ መኪናው ራሱ ምንም የሚለካ ነገር የለውም። ለኪዎቹ ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም በለኩት ልክ ይነቀፋሉ።

*«አይቻልም»*

ዲሴምበር 31 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የንጹሕ አየር ሕግን ፈረሙ። ሕጉ አዲስ መኪኖች ከጭስ ማውጫቸው የሚለቁትን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ እስከ 1975፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ እስከ 1976 በ90 በመቶ እንዲቀንሱ ያዝዛል። ይህን የሚያሟላ መኪና በወቅቱ ገበያ ላይ አልነበረም። ሕጉ የወጣው ቴክኖሎጂው ከተገኘ በኋላ ሳይሆን እንዲገኝ ለማስገደድ ነው።

የዲትሮይት አምራቾች መልስ «በተባለው ጊዜ አይቻልም» ነበር። ከጃፓን የመጣው ሆንዳ ግን ማቃጠያ ክፍሉን በአዲስ መልክ ነድፎ በ1972 መጨረሻ ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፈተና አቀረበ፤ አለፈም። ይህ ለትንሽ ሞተር ነው እንጂ ለትልቅ አይሆንም ተባለ። ሆንዳ የጄኔራል ሞተርስን ሼቭሮሌት ኢምፓላ ገዝቶ፣ በትልቁ ሞተር ላይ የራሱን ዘዴ ገጥሞ፣ መልሶ አስፈተነው። አሁንም አለፈ። ቢሆንም በ1973 የጊዜ ገደቡ ተራዘመ፤ ኋላም በተደጋጋሚ ተገፋ።

በ1975 ሞዴል ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይዘው ወጡ። እኛ ካታላይዘር የምንለው ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ሲሆን በላዩ እንደ ፕላቲነም ያሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ጭሱ ሲያልፍበት መርዙ ይቃጠላል። ነገር ግን እርሳስ ካታላይዘሩን ሸፍኖ ይገድለዋል። ስለዚህ ከ1974 ጀምሮ ማደያዎች እርሳስ የሌለበት ቤንዚን እንዲሸጡ ግድ ሆነ። እርሳስ ከቤንዚን መውጣት የጀመረው መጀመሪያ ለዚህ ዕቃ ደኅንነት ሲባል ነው፤ የሕፃናት ደኅንነት አብሮ ተጠቀመ። ከ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 1991 ባለው ጊዜ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ የነበረው አማካይ የእርሳስ መጠን በ78 በመቶ ወረደ።

*14.7*

የመጀመሪያው ካታላይዘር ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ያቃጥላል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ግን አይነካም። በኤንግልሃርድ ኩባንያ የሚሠሩት ጆን ሙኒና ካርል ኪዝ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ካታላይዘር ሠሩ። አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ለእያንዳንዱ 1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር መግባት አለበት። አየር ሲበዛ ናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ሳይፈርሱ ያልፋሉ። ነዳጅ ሲበዛ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልተቃጠለው ነዳጅ ያልፋሉ። ሥራው የሚሠራው በመካከል ባለች ጠባብ በር ብቻ ነው።

ካርቡራተር ይህን ማድረግ አይችልም። ካርቡራተር ነዳጁን ይሰጣል እንጂ የሰጠው ምን እንዳደረገ የሚነግረው የለም። ከሙቀት፣ ከከፍታ፣ ከዕቃው እርጅና ጋር ልኩ ይዛባል። ስለዚህ ጭሱን አሽቶ «በዛ» ወይም «አነሰ» የሚል አንድ መካሪ አስፈለገ። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባል የለ? ሞተሩም እንዲሁ ሆነ።

መፍትሔው የተገኘው ከአሮጌ አምፖል ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ መብራት ሠርቶ ነበር። መብራቱ በገበያ አልዘለቀም። ዚርኮኒያ ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ሲግል የኦክስጅን ቅንጣቶችን በውስጡ ያሳልፋል። በአንዱ ጎኑ ያለው ኦክስጅን ከሌላው ጎኑ ከበለጠ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቮልቴጁን ለማስላት የሚያስችለውን ቀመርም ያገኘው ራሱ ኔርንስት ነው።

ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሴራሚኩን በጣት ቅርጽ ሠራው። በውስጥ በኩል የውጭ አየር፣ በውጭ በኩል ጭሱ ይነካዋል። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ካነሰ ወደ 0.9 ቮልት፣ ከበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይሰጣል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ሰምቶ በየቅጽበቱ ነዳጁን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በ1976 የስዊድኑ ቮልቮ ለካሊፎርኒያ ገበያ ባዘጋጃቸው የ1977 ሞዴል መኪኖች ላይ ሴንሰሩን ከሦስቱን አጥፊ ካታላይዘር ጋር አጣምሮ አቀረበ። ስሙን «ላምዳ ሶንድ» አለው፤ በመኪናው ፊት ላይም በኩራት ለጠፈው። ያኔ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ የሚወጣውን ራሱ መጠየቅ ጀመረ።

*የሚገባውን መመዘን*

ከሚወጣው ጎን ለጎን የሚገባውን የመለካት ታሪክ አለ። በ1967 ቦሽ ለቮልስዋገን የሠራው ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ የሚለካው የአየሩን ግፊት ነበር። በ1970ዎቹ አየሩ ሲገፋት የምትከፈት ክዳን መጣች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጋለችው ሽቦ ተተካች። አሠራሯ ቀላል ነው። ትኩስ ሻይ ስንተነፍስበት እንደሚቀዘቅዘው ሁሉ፣ የሚያልፈው አየር ሽቦዋን ያቀዘቅዛታል። ሙቀቷን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠን ምን ያህል አየር እንዳለፈ ይናገራል። የምትመዝነውም የአየሩን ስፋት ሳይሆን ክብደቱን ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራተር ያለው መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይቀንስለትም። ስለዚህ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ነዳጅ ይባክናል። መካኒኩ ዳገት በወጣ ቁጥር እንደገና ማስተካከል አለበት። የጋለችዋ ሽቦ ያላት መኪና ግን አዳማን አልፋ እንጦጦ ብትወጣም ማንም ሳይነካት ልኳን ታውቃለች።

ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የራሳቸውን ብልሽት እንዲያሳውቁ አዘዘች። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች አንድ ዓይነት የምርመራ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግድ ሆነ። ዛሬ መካኒኩ ስካነሩን የሚሰካባት መሰኪያ የመጣችው ከዚያ ነው። ከካታላይዘሩ በኋላም ሁለተኛ ኦክስጅን ሴንሰር ተጨመረ። የእርሱ ሥራ ካታላይዘሩን መቆጣጠር ነው። ያቺ ቢጫ መብራት ከዚህ ሁሉ ጠብ በኋላ የተገኘች ምስክር ናት።

*ሁለት ዓይነት ቱኒንግ*

አሁን ወደ ዛሬው ጋራዥ እንምጣ። አንድ ወጣት የመኪናውን ጉልበት ለመጨመር ፊልትሮውን በትልቅ ቀየረ፣ የአየር ቧንቧውን አሰፋ፣ ቱርቦ ጨመረ፣ ጭስ ማውጫውንም አስለወጠ እንበል። ሽቦዋ የምትለካው በአጠገቧ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ የጠቅላላውን ያሰላል። ቧንቧው ሲሰፋ ያው አየር በዝግታ ያልፋል። ሽቦዋ ብዙም አትቀዘቅዝም። ኮምፒውተሩም ከገባው ያነሰ አየር የገባ ይመስለዋል፤ ነዳጅ ያሳንሳል።

በከተማ ውስጥ በለዘብታ ሲነዳ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ስህተቱን ይይዛል። «ነዳጅ አነሰ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ በመቶኛ ይጨምራል፤ እርማቱንም በማስታወሻው ይመዘግባል። አሽከርካሪው ምንም አይሰማው ይሆናል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር ከ14.7 ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን እንጂ ምን ያህል እንደራቀ በትክክል አይናገርም። ስለዚህ ብዙ መኪኖች በዚያ ሰዓት እርሱን መስማት ትተው በተጻፈላቸው ሰንጠረዥ ብቻ ይሠራሉ። ሰንጠረዡ የተጻፈው ለድሮው ቧንቧ ነው። ነዳጅ ያንሳል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩ ያንኳኳል። በመጨረሻም ፒስተን ይቀልጣል።

ጎበዝ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ በቅደም ተከተል ይሠራል። መጀመሪያ ፍሳሽ ይፈልጋል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩም የሌለ ኦክስጅን አይቶ ሳያስፈልግ ነዳጅ ያስጨምራል። ቀጥሎ ርቀቱን ጭምር በቁጥር የሚናገር፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጣ ሰፊ ክልል ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ይገጥማል። መኪናውን በተለያየ ፍጥነት ይነዳል፣ ይመዘግባል። ሽቦዋ ያለችውንና ጭሱ የመሰከረውን ያነጻጽራል። ሰንጠረዡን ጥቂት በጥቂት ያርማል፤ የኮምፒውተሩ እርማት ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ። የቱርቦውን ግፊት የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቱኒንግ መለኪያውን ከአዲሱ ሞተር ጋር ማስታረቅ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። ካታላይዘሩን አውጥቶ መጣል፣ ወይም ውስጡን ሰብሮ ቆርቆሮውን መመለስ። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በዓለም ገበያ ውድ ስለሆኑ አውጪውም ሻጩም አይጠፋም። ሁለተኛው ሴንሰር ይህን አይቶ መብራት ያበራል። ያኔ ሴንሰሩን ከጭሱ የምታርቅ ማራዘሚያ ትገጠምለታለች፣ ወይም የሐሰት ቮልቴጅ የሚሰጥ ዕቃ ይቀጠልለታል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብተው ማስጠንቀቂያውን ይሰርዙታል። መብራቷ ትጠፋለች። ጭሱ እንዳለ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣም የሚናገር የለም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካው ኤጀንሲ በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550000 በላይ የናፍታ ፒካፖች የብክለት መቆጣጠሪያቸው ተነቅሎባቸዋል።

*ፋብሪካው ራሱ ሲያጭበረብር*

ጋራዥ የሚሠራውን ፋብሪካ በትልቁ ሲሠራው ታሪክ መዝግቦታል። በ1974 ቮልስዋገን በአንዳንድ መኪኖቹ ላይ መቆጣጠሪያውን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ በመግጠሙ 120000 ዶላር ከፈለ። በ1995 ጄኔራል ሞተርስ በ470000 ገደማ ካዲላክ መኪኖች ጉዳይ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር የሚያስወጣ ስምምነት ፈረመ። ሞተሩ ኤር ኮንዲሽነር ሲበራ እየጠፋ ስላስቸገረ ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ነዳጅ እንዲያበዛ ተደርጎ ነበር። የመንግሥት ፈተና ደግሞ የሚካሄደው ኤር ኮንዲሽነሩ ጠፍቶ ነው። በ1998 ትልልቅ የናፍታ ሞተር አምራቾች በተመሳሳይ ጉዳይ ተቀጡ።

ከሁሉ የገነነው የ2015ቱ ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች፣ ከአንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ባገኙት አነስተኛ ገንዘብ፣ የጭስ መለኪያ መሣሪያ የመኪና ኋላ ላይ ጭነው መንገድ ወጡ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ንጹሕ የነበረው የቮልስዋገን ናፍታ መኪና መንገድ ላይ ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲለቅ አገኙት። የካሊፎርኒያ ቦርድ ጉዳዩን ይዞ ለወራት መረመረ። ኤል ሞንቴ ከተማ የነበረው የቦርዱ ቤተ ሙከራ የተሰየመው በዚያው በአናናስ ተመራማሪው በሃገን-ስሚት ስም ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 ጉዳዩ ፈነዳ። የመኪናው ኮምፒውተር ጎማው እየዞረ መሪው የማይንቀሳቀስ መሆኑን ከመሳሰሉ ምልክቶች ፈተና ላይ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ያኔ ብቻ ንጹሕ ይሆናል። በመንገድ ላይ እስከ 40 እጥፍ ይለቅ ነበር። ሶፍትዌሩ በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን መኪኖች ውስጥ እንዳለ ኩባንያው አመነ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በቀናት ውስጥ ለቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል። ቮልስዋገን የሴንሰር እጥረት አልነበረበትም። መኪኖቹ በሴንሰር የተሞሉ ነበሩ። የጎደለው ውጤቱን ከውጭ ሆኖ የሚያመሳክር ሰው ነው። ማታለሉ የተያዘውም በተሻለ ሴንሰር ሳይሆን ለፋብሪካው በማይታዘዙ ለኪዎች ነው። ሎስ አንጀለስ ላይም እንዲሁ ነበር፤ የእርሳሱም እንዲሁ።

*ወደ እኛ ስንመጣ*

በጁን 2001 ዳካር ላይ የተሰበሰቡ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ፤ በ2006 መጀመሪያ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከእርሱ ወጣ። በመጨረሻ አልጄሪያ በ2021 ስታቆም እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ማደያዎች አበቃ። ከሚጅሊ ግኝት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ማለት ነው። ይህ ለእኛም የደረሰ ድል ነው። ካታላይዘር ያለው መኪና አዲስ አበባ ውስጥ በአግባቡ ሊሠራ የሚችለው እርሳሱ ስለወጣ ነው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውሳኔው የሚደገፍበትም የሚተችበትም ምክንያት አለ፤ ያ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። አሁን ማስታወስ የምፈልገው ግን ትናንት የገቡት የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች ዛሬም መንገድ ላይ መሆናቸውን ነው። አዲስ መግባት ስለማይችል ያሉት ይበልጥ ይጠገናሉ፣ ይበልጥ ያረጃሉ፣ ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። የምንተነፍሰውን አየር የሚወስነው በብዛት የእነርሱ ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የካታላይዘርም ሆነ የኦክስጅን ሴንሰር ዋጋ ለአንድ የታክሲ ባለቤት ቀላል አይደለም። «አውጣው» የሚለው ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ስሌቱን እየሠራ ነው። ግን ስሌቱ ይጎድላል። መስማት የተሳነው ኮምፒውተር ነዳጅ ሊያባክን ይችላል፤ በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ሴንሰር መቀየር ብዙ ጊዜ ራሱን ይከፍላል። መካኒኮቻችንም ኮድ ከመሰረዛቸው በፊት ኮዱ ለምን እንደመጣ ቢጠይቁ ደንበኛው ይጠቀማል።

ሁለተኛ፣ ቦሎ ለማሳደስ የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ዋጋ የሚኖረው ጭሱን በመሣሪያ ለክቶ፣ ውጤቱን በቁጥር ጽፎ፣ ለባለ መኪናው ሲሰጥ ነው። ማኅተም ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። መርማሪው ከገንዘብ ጥቅም ነጻ ካልሆነ መሣሪያውም ቢዘመን ዋጋ የለውም። የቮልስዋገን ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው የእኔው ሙያ ነው። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ መብራት ሲበራ «አምፖሉን አውልቁት» የሚል ድምፅ አዲስ አይሆንብኝም። የዋጋ ንረቱ ቁጥር ሲያስከፋ ቁጥሩን፣ ዘገባው ሲያስከፋ ዘጋቢውን፣ ጥናቱ ሲያስከፋ አጥኚውን መክሰስ የተለመደ ነው። ሃገን-ስሚትንም ፓተርሰንንም የገጠማቸው ይኸው ነው። ሁለቱንም ያሸነፋቸው የለም፤ ግን በተጠሉባቸው ዓመታት ስንት ሕፃን ያንን አየር ተነፈሰ!

ሴንሰር ሊሳሳት ይችላል። ሽቦዋ አቧራ ይይዛታል፣ ሴራሚኩ ያረጃል፣ ቧንቧው ይሰነጠቃል። ለዚህ መፍትሔው ማጽዳት፣ ማመሳከር፣ ካስፈለገም መቀየር ነው። ጥሩ መካኒክ መብራቷን ስትበራ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልክ ነሽ ወይ?» ብሎ ነው። ልክ ከሆነች ሥራው ሞተሩ ላይ ይጀምራል።

ቸር እንሰንብት።